ሽጉጥ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር ወር፣ አንድ ሐሙስ ማታ ነው። የምሠራው አቃቂ ውስጥ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ በሜካኒካል መሐንዲስነት ሲሆን፣ የምኖረው ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የዚያን ዕለት አንድ ማሽን ተበላሽቶብን ስንጠግን አምሽተን ከፋብሪካው ስወጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የሠራተኛው ሰርቪስ ሄዷል። ታክሲ ይዤ ዋናው መንገድ ላይ ወረድኩና ወደ ብሎካችን የሚያስገባውን ጨለማ መንገድ ተያያዝኩት። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደተራመድኩ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ልል ስል ማጅራቴን ተመታሁ። ከወደቅሁበት ስነሳ ላፕቶፔ የነበረበት ቦርሳ፣ ስልኬና የኪስ ቦርሳዬ የሉም። የመቺዎቼን ፊት አላየሁም። ሁለት ይሁኑ ሦስት እንኳ መናገር አልችልም።

ጭንቅላቴን አራት ቦታ ተሰፍቼ ቢሮ ስገባ ምክሩ ዘነበብኝ። «በዚያ መንገድ በማታ ማን ሂድ አለህ?» ያለኝም አለ። አብዛኞቹ ግን አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚሉት፦ «አንድ ሽጉጥ ያዝ።» አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ ከመዳፍ የማይበልጡ፣ ከሸሚዝ ሥር የማይታዩ ሽጉጦች በፎቶ አሳየኝ። «እንደዚህ ያለችውን ብትይዝ ማንም አያውቅብህም» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ልቤን ነካው። የተመታ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው እንዳይመታ ሳይሆን መልሶ መምታትን ነው። ቢሆንም በሙያዬ አንድ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ለምን ሥራ፣ በየትኛው ቦታ፣ በማን እጅ የሚሉት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ወር ያህል ነገሩን ሳጠና ሰነበትኩ። የሚስቴ አጎት በቀድሞው ጦር ውስጥ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ የነበሩ፣ ዛሬ አቃቂ በጡረታ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ፈቃድ ያለው አንድ ማካሮቭ አላቸው። ብዙውን ነገር የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም እንደኔው በከተማችን ዳርቻ እየኖረ፣ እያመሸ ወደ ቤቱ የሚገባና ይኸው ጥያቄ ለሚመላለስበት አንባቢ ነው።

ስሙ ራሱ ይናገራል

ሽጉጥ የሚለው ስያሜ የመጣው ሸጎጠ ከሚለው ግሥ ነው። እናቶቻችን ብራቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጥ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ሽጉጥም ከልብስ ሥር የሚሸጎጥ ነገር ነው። አባቶቻችን ውጅግራውንም ሆነ ምንሽሩን በትከሻቸው አንግተው በአደባባይ ሲሄዱ ጠመንጃው እንዲታይላቸው ይፈልጉ ነበር። የማዕረግም የወንድነትም ምልክት ነውና። ሽጉጥ ግን ከስሙ ጀምሮ የተደበቀ ነው።

በታሪካችን ውስጥ ስሙ በጉልህ የሚነሳው ሽጉጥ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየዘመኑ የመጣው ሠራዊት የራሱን ሽጉጥ ትቶልን ሄዷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የ1934 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነውን ቤሬታ ይዞ መጣ። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተወዳጀበት ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ማካሮቭና ቶካሬቭ ገቡ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በፖሊስ ሪፖርት ላይ በተደጋጋሚ የምንሰማው በሱዳን ወሰን በኩል በኮንትሮባንድ የሚገቡትን የቱርክ ሽጉጦች ነው።

እንግዲህ ባልደረባዬ «ምረጥ» ሲለኝ በተግባር የሚመረጠው ከእነዚህ መካከል ነው። በስልኩ ያሳየኝ የአሜሪካንና የአውሮፓ አዳዲስ ሥሪቶች እኛ አገር እንደ ሞባይል በመስታወት ውስጥ ተደርድረው የሚሸጡ አይደሉም።

ከምርጫው በፊት ፈቃዱ

በአገራችን የጦር መሣሪያን ጉዳይ የሚገዛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥም ሆነ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ተቆጣጣሪው አካልም የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ፈቃዱ ለአንድ የታወቀ ሰው፣ ለአንድ የታወቀ መሣሪያ የሚሰጥ መሆኑን ነው። ከወንድም መዋስ፣ ከሟች አባት ሣጥን ውስጥ አውጥቶ ወገብ ላይ ማድረግ፣ «ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ» ማለት ሁሉ ከሕግ ውጭ ነው።

ፈቃድ ያለው ሰውም ቢሆን የፈለገበት ቦታ ይዞት አይገባም። ትምህርት ቤት፣ የጤና ተቋም፣ የእምነት ቦታ፣ ሕዝባዊ በዓል፣ ስብሰባና ሰልፍን የመሳሰሉ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች የተከለከሉ ናቸው። በዚያ ላይ ሁኔታዎች ሲለወጡ ደንቡም ይጠብቃል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ያላቸውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ በየአካባቢያቸው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያስመዘግቡ የታዘዙበትን ጊዜ የምናስታውሰው ነው።

«ከጨለማ ገበያ የተገዛ ሽጉጥ ላይ ሁለት ሌባ አለ» ይላሉ አጎታችን። «አንዱ የሸጠልህ ነው። ሌላው አንተ ነህ። ራስህን ለመከላከል ተኩሰህ ብትድን እንኳ መጀመሪያ የምትጠየቀው ከየት አመጣኸው ተብለህ ነው።»

ከኮንትሮባንዶቹ መካከል ደግሞ ሕጉን ትተን በብረት ሙያ ዓይን ብቻ ብናያቸው እንኳ የሚያስፈሩ አሉ። ለድምፅ ብቻ ተብለው የተሠሩና በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ የውሸት ሽጉጦች ማለቴ ነው። አካላቸው ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የሚቀረጽ ነው። የሻወር ቤት ቧንቧና የመኪና አሻንጉሊት ከሚሠራበት ማለት ነው። የእውነተኛ ጥይት ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት እንዲችል ታስቦ የተሠራ ብረት አይደለም። እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ትንሽነት ዋጋ አለው

አሁን ሕጉ ተሟላ እንበልና ወደ ሽጉጡ እንግባ። የሚሸጎጥ ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ትንሽና ቀላል ይሁን» ብሎ ነው። እስኪ ቁጥሮቹን እንያቸው።

አጎታችን ዘንድ ያለው ማካሮቭ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ባዶውን 730 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን 8 ጥይት ይጎርሳል። ሶቪየቶች ለሠራዊታቸው የተቀበሉት በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። የጣሊያኑ ቤሬታ በጥቂቱ አጠር ብሎ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 660 ግራም አካባቢ፣ ጥይቱ 7 ነው። ቶካሬቭ ረዘም ብሎ 19 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ከሸሚዝ ሥር አይደበቅም። ባልደረባዬ በፎቶ ካሳየኝ አዳዲሶቹ መካከል በ2015 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ግሎክ 43 ባዶውን ከ510 ግራም ብዙም አይዘልም፤ 6 ጥይት ይይዛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲግ ፒ365 ደግሞ በዚያው መጠን 10 ጥይት በመያዙ ነበር የተወራለት።

ታዲያ ከ730 ግራም ወደ 510 መውረድ የሚያስደስት ይመስላል። ነገር ግን ጥይት ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። ሽጉጡ በቀለለ መጠን እጅ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይፈጥናል። እኔ በወረቀት እንዳሰላሁት፣ ማካሮቭ የሚተኩሰው ጥይት ክብደቱ 6 ግራም አካባቢ ሆኖ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይበራል። ትናንሾቹ አዳዲሶች የሚተኩሱት የ9 በ19 ጥይት ግን 8 ግራም ያህል ነው፤ ከአጭር አፈሙዝ እንኳ ከዚያ ባላነሰ ፍጥነት ይወጣል። ሁለቱንም ጥይት በጎረሱበት ክብደት ብናካፍል፣ ትንሿ ሽጉጥ ወደ ኋላ የምትመልሰው ፍጥነት የማካሮቭን ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሹ ጣት የሚያርፍበት የለውም። አፈሙዟ አጭር ስለሆነ ከፊትና ከኋላ ያሉት ማነጣጠሪያዎቿ ይቀራረባሉ፤ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ብዙ ያስታል።

በአጭሩ፣ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመያዝ ይቀላል፣ ለመተኮስ ይከብዳል። ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ የምትመች ትመስላለች እንጂ ከትልቁ ይልቅ ብዙ ልምምድ የምትጠይቀው እሷ ናት። ይህንን የነገርኳቸው አጎታችን ሳቁ። «እኛ መኮንኖቹን ስናሠለጥን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚተኩሰው ሰው አሥር ሜትር ላይ ያለ በርሜል ይስት ነበር። አንተ የት ሄደህ ልትለማመድ ነው? አቃቂ ወንዝ ዳር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቃታው፣ መጠበቂያውና መባረቅ

ሁለተኛው የምርጫ ነጥብ ሽጉጡ ሳይፈለግ እንዳይባርቅ የሚከለክለው ነገር ነው። ሰው ወገቡ ላይ የሚሸጉጠው መሣሪያ አፈሙዙ ቀኑን ሙሉ የሚያመለክተው ወደ ራሱ ታፋ ነውና።

አጎታችን ካርታውን አውጥተው፣ ሁለት ጊዜ ባዶነቱን አረጋግጠው፣ ማካሮቩን እጄ ላይ አኖሩልኝ። በግራ በኩል ከላይ ያለው መጠበቂያ ወደ ላይ ሲገፋ የተቀባበለውን መዶሻ ያለ ተኩስ ያወርደዋል፤ ቃታውንም ይቆልፈዋል። መጠበቂያው ወርዶ የመጀመሪያዋ ጥይት ስትተኮስ ቃታው ረጅምና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ይቀላሉ። ያ ክብደት ጀማሪን ቢያስቸግርም በድንጋጤ ከሚሳብ ጣት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሥሪት ቶካሬቭ ግን በእጅ የሚቆለፍ መጠበቂያ የለውም። መዶሻው ግማሽ መንገድ ላይ የሚያዝበት ጥርስ ብቻ ነው ያለው። አፈሙዙ ውስጥ ጥይት አጉርሶ ወገብ ላይ መሸጎጥ እንደማይገባ የቀድሞ ወታደሮች ሁሉ ይናገራሉ። የግሎክ ዓይነቶቹ ደግሞ መጠበቂያቸው እዚያው ቃታው ላይ ነው። ጣት ወይም ሌላ ነገር ቃታውን ከነካው ይተኩሳሉ። ስለዚህ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ሳይኖራቸው ኪስ ውስጥም ሆነ ቀበቶ ሥር አይገቡም። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ማለት ጭራሽ አይታሰብም።

«ጥይት ሳላጎርስ እይዘዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ደህንነቱ የተሻለ ነው። ያን ጊዜ ግን ሽጉጡን ለማቀባበል ሁለት እጅ ነፃ መሆን አለበት። አንዱ እጁ ተይዞ ወይም ጭንቅላቱን ሸፍኖ የወደቀ ሰው ሁለት እጅ ከየት ያመጣል?

ብረት ይዤ የሰነበትኩበት ሳምንት

ወረቀት ላይ ያለው ሒሳብ አልበቃኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ፋብሪካ ገብቼ ከአሮጌ ዘንግ 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ውፍረት ያለው ብረት ቆረጥኩ። ሞርጄ ሞርጄ 730 ግራም ላይ አመጣሁትና በቆዳ ሸፈንኩት። እጀታ አላበጀሁለትም። ሽጉጥ የሚመስል ነገር ይዞ መዞር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይህን ብረት ሽጉጥ ነው ብዬ ልይዘው ወሰንኩ።

ሰኞ ቀበቶዬ ሥር በቀኝ ዳሌዬ በኩል አደረግሁት። ቆሜ ስሄድ ከሹራብ ሥር አይታይም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ግን አራት ሆነን በተጠጋጋንበት መቀመጫ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጎናቸውን ወጋኋቸው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ወገቤ ተመለከቱ። ማክሰኞ ከፊት ለፊት እምብርቴ አጠገብ አዛወርኩት። በተቀመጥኩ ቁጥር ታፋዬ ላይ ይተከላል። ረቡዕ የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጃኬቱ በአንድ ወገን ተንዘላዘለ፤ የጥበቃ ሠራተኛችን ገና ከሩቅ «ኢንጂነር፣ ምን ተሸክመህ ነው?» አለኝ። ቀትር ላይ ደግሞ ሙቀቱ ጃኬት አያስለብስም፤ ቢሮ ውስጥ አውልቄ ወንበር ላይ ሰቅዬው ወደ ወርክሾፕ ወረድኩ። ተመልሼ ሳየው ደነገጥኩ። እውነተኛ ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ሰው በሚገባበት ቢሮ ውስጥ ትቼው ሄጃለሁ ማለት ነው።

ሐሙስ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት። ከሁሉም የተመቸኝ ይህ ነበር። ወዲያው ግን ያ ሐሙስ ማታ ትዝ አለኝ። ሌቦቹ መጀመሪያ የወሰዱት ቦርሳዬን ነው። ሽጉጥ በቦርሳ መያዝ ለማጅራት መቺ ሽጉጥ ማደል ነው።

የሳምንቱ ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነበር። በስድስት ቀን ውስጥ 14 ጊዜ ተፈተሽኩ። ስድስቱ ፋብሪካችን በር ላይ፣ ሦስቱ የገበያ ሕንፃዎች መግቢያ ላይ፣ ሁለቱ ባንክ፣ አንዱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ የሄድኩበት ሆስፒታል፣ አንዱ ደግሞ ቅዳሜ የሰርግ አዳራሽ በር ላይ ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ የፈታሹ እጅ ብረቱ ላይ ያርፋል። «ምንድነው ይሄ?» ይለኛል። «የፋብሪካ ናሙና ነው» እላለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያያል።

ስለ ሽጉጥ አያያዝ በውጭ አገር የሚጻፉ ምክሮች ለእኛ የማይሆኑት እዚህ ላይ ነው። የሚጻፉት የራሱን መኪና እየነዳ ሱፐርማርኬት ሳይፈተሽ ለሚገባ አሜሪካዊ ነው። እኛ በምንኖርበት አዲስ አበባ ግን በየበሩ ፍተሻ አለ። ሽጉጥ ያለው ሰው ወይ ፈቃዱን እያሳየ መሣሪያውን በር ላይ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል፣ ወይ ወደ ውስጥ ሳይገባ ይመለሳል። ሳምንት ሳይሞላው የሰፈሩ ጥበቃና ሊስትሮ ሁሉ ማን ሽጉጥ እንዳለው ያውቃል። የተሸጎጠው ሽጉጥ ያልተሸጎጠ ይሆናል። ይህን የሰማ ሌባ ደግሞ ከላፕቶፕ ይልቅ ሽጉጥ ዋጋ እንደሚያወጣ ያውቃል።

ቤት ውስጥ

ማታ ማታ ቤት ስገባ ብረቱን የት እንደማስቀምጠውም መወሰን ነበረብኝ። ሁለት ክፍል መኝታ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። የማይደረስበት ቦታ ብዬ የመረጥኩት የቁም ሣጥኑን አናት ነበር። ሻንጣ ከኋላው፣ ብርድ ልብስ ከፊቱ አደረግሁለት። ስለ ጉዳዩ ለባለቤቴ እንጂ ለልጄ አልነገርኩም።

ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ እራት ላይ እያለን የስድስት ዓመቷ ልጄ «አባዬ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለው ከባድ ነገር ምንድነው?» አለችኝ። ወንበር በአልጋ ላይ አስደግፋ ወጥታ አግኝታዋለች። በሁለት እጇ አንስታ እንዳየችውም ነገረችን። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። እኔም እንጀራው አልወርድ አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄው ለእኔ ተለወጠ። ሽጉጥ ቤት ውስጥ ካለ ያለው አማራጭ ግልጽ ነው። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ካዝና፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ላይ መሆን አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ሌሊት በሩ ቢንኳኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሽጉጡን አያገኘውም። ይህን የማያደርግ ሰው ደግሞ ልጁ ቀድማው ታገኘዋለች። ከሁለቱ መሐል ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ጎረቤትንም ማሰብ ግድ ነው። የሽጉጥ ጥይት የእንጨት በርም የላሜራ በርም አያቆመውም። በኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ከእኔ በር ፊት ለፊት ያለው የጎረቤቴ በር ነው። የአቃቂ ነባር ሰፈሮች ደግሞ አጥራቸው ቆርቆሮ ነው። ሰው በቸልተኝነት የገደለ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ በዚያው ኮሪደር ላይ ከሟች ቤተሰብ ጋር ፊት ለፊት መኖርን ግን ሕጉ አይቆጥረውም።

ያቺን ሌሊት እንደገና

የመጨረሻውን ሒሳብ የሠራሁት ያንን ሐሙስ ማታ መልሼ በማሰብ ነው። ወገቤ ላይ ማካሮቭ ነበረ እንበል፤ ፈቃድ አለኝ፣ ተለማምጃለሁ። ምን እሆን ነበር?

በ1983 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ባልደረባ አንድ ሰው ቆሞ ከነበረበት ተነሥቶ 21 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ከግማሽ የማይሞላ ርቀት፣ በሩጫ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት በሰዓት ለክቶ ነበር። አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ሆኖ አገኘው። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከማኅደሩ አውጥቶ ለመተኮስ የሚፈልገው ጊዜም በዚያው ግድም ነው። ይህ እንግዲህ አጥቂውን ፊት ለፊት እያየ፣ ሽጉጡን በግልጽ ቀበቶው ላይ አድርጎ ለሚጠብቅ ፖሊስ ነው። ማጅራት መቺ ከፊት አይመጣም። እኔ ኮቴ ከመስማቴ እስከ መውደቄ ድረስ የነበረው ጊዜ ሹራቤን ለመግለጥ እንኳ አይበቃም ነበር። ሽጉጡ የእኔ ሆኖ የሚቆየው እስከዚያች ምት ድረስ ብቻ ነው። ከወደቅሁ በኋላ ኪሴን ሲፈትሹ ያገኙት ነበር። ነገ በሌላ ሰው ላይ የሚደገነው፣ በስሜ የተመዘገበ ሽጉጥ ይሆን ነበር።

ተነሥቼ ሲሮጡ ብተኩስባቸውስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጥቃቱ እየተፈጸመ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ላፕቶፕ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ሰው ላይ መተኮስ በዚህ ሚዛን መከላከል ሳይሆን መበቀል ነው። አንቀጽ 79 ከልኩ ያለፈ መከላከል ሲያጋጥም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል፣ በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ለሆነውም እስከ ምሕረት እንዲሄድ ይፈቅድለታል። ያ ግን የዳኛው ውሳኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የማስረዳት ጣጣው የተኳሹ ነው። በተመታ ሰው ላይ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲተረት ያሳዝናል። ከሄደ ጅብ በኋላ የሚጮኸው ሽጉጥ ሲሆን ግን የሚገድለው ጅቡን ላይሆን ይችላል።

እና ምን ወሰንኩ?

ሽጉጥ የሚያስፈልገው ሰው የለም አልልም። በሥራው ምክንያት ለይቶ የዛተበት ሰው ያለው፣ ብዙ ገንዘብ ይዞ የሚንቀሳቀስ፣ በራሱ መኪና የሚሄድና ልምምዱ ያለው ሰው ሒሳቡ ከእኔ ሊለይ ይችላል። እንደዚያ ያለ አንባቢ ካለ፣ አንድ ወር ከደከምኩበት ነገር የማካፍለው የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ነው። አንደኛ፣ ፈቃዱ በእጄ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ማታ የማስርበት ካዝና ተተክሏል ወይ? ሦስተኛ፣ በቋሚነት የምለማመድበት ሕጋዊ ቦታና አሠልጣኝ አለኝ ወይ? አራተኛ፣ በሳምንት ስንት በር ላይ እፈተሻለሁ? ከእነዚህ በኋላ ነው ስለ ሽጉጡ የሚጠየቀው። ያን ጊዜም ቢሆን እጅ ሞልቶ የሚያዝ፣ መጠበቂያው ግልጽ የሆነ፣ የመጀመሪያ ቃታው ከበድ ያለ፣ ቃታውን የሚሸፍን ማኅደር ያለው ይሁን። ከሁሉ ትንሿ ከሁሉ የምትሻለው አይደለችም።

እኔ አራተኛው ላይ ሳልደርስ ቀረሁ። ብረቱን መልሼ ፋብሪካ ወስጄ ከቁርጥራጩ ጋር ጣልኩት። በምትኩ ሁለት ነገር አደረግሁ። ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ተነጋግረን የሚያመሽ ሠራተኛ ካለ አንድ የፋብሪካው መኪና እስከ ቤቱ በር እንዲያደርሰው ተስማማን። ከብሎካችን ነዋሪዎች ጋር ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን ከዋናው መንገድ በሚያስገባው መንገድ ላይ አራት መብራት ሰቀልን። አምሽተው የሚመጡ ጎረቤቶች ተደዋውለው ታክሲ መውረጃው ላይ ተጠባብቀው አብረው የሚገቡበት የስልክ ቡድንም አለን። ስርቆት ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። እኔ ግን ብቻዬን በጨለማ አልሄድም።

አጎታችን ዘንድ ሄጄ ውሳኔዬን ስነግራቸው ማካሮቩን እያወለወሉ ነበር። «እኔም ብሆን የያዝኩት ስለለመድኩት ነው እንጂ ይዤው ከግቢ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ» አሉኝ። ከዚያም ካርታውን ለብቻ፣ ሽጉጡን ለብቻ አድርገው ካዝናቸው ውስጥ ቆለፉትና ቁልፉን አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰሩት።